አስራ አራት ቁጥር ላይ ሰው አለ

የደሴቷን ስም አልጽፍም። ከጻፍኩት ለሻጮቹ በነፃ ማስታወቂያ ሠራሁላቸው ማለት ነው፤ እነሱ ደግሞ እስካሁን የወሰዱት ይበቃቸዋል። በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት ልበልና ልለፍ። የምጽፈው ስለ አቢሶ ነው። አቢሶ ዝነኛ ሰው አይደለም። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ዳቬይተን አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻማና የስልክ ካርድ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። የእንዲህ ዓይነት ሰው ታሪክ አይጻፍም። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ፍሬገነት እባላለሁ። ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ እሸጣለሁ። አቢሶ ማክሰኞ ማክሰኞ ለሱቁ ዕቃ ሊጭን ሲመጣ ባኪውን የሚያቆመው እኔ በር ላይ ነበር። ባኪ የምንላት እዚህ አገር ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን ትንሽ የጭነት መኪና ነው። የእሱዋ አንድ በሯ በሽቦ የታሰረ፣ ቀለሟ የማይታወቅ አሮጌ ነበረች፤ ጭነቱ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቆበት አያውቅም። ገመድ ሲያስር ለጉድ ነው። ሁለቴ ያዞራል፣ አንዴ ይሰካል፣ ከዚያ አንዲት አጭር ጫፍ ያስተርፋል። ያቺን ጫፍ እሱ ሲስባት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ሌላ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ቢታገል ወይ ፍንክች። «ማን አስተማረህ?» ስለው «አባቴ» ይለኛል፣ በቃ። አባቱ ጀልባ ቀዛፊ እንደነበሩ ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው አይደለም። አፉ የሚፈታው ዙሉ ሲናገር ብቻ ነው፤ ደንበኞቹ ከሆኑት አሮጊቶች ጋር «ጎጎ፣ ጎጎ» (አያቴ፣ አያቴ) እያለ ሲያስቃቸው ይውላል። ከእኛ ጋር ሲሆን ግን ዝም።

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም እህቱ ሞተች። ፀገነት ትባል ነበር። ምጥ ጠናባትና ወደ ጤና ጣቢያ የሚያሻግራት ሞተር ጀልባ ተጠራ። ጀልባው መጣ፣ ግን ደሴቷ ጋ መጠጋት አቃተው። ዳሩ ጭቃና ደንገል ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ልብሱን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ነው ወደ ጀልባ የሚደርሰው። በቃሬዛ ተሸክመዋት ጭቃው ውስጥ ሲወድቁና ሲነሱ እዚያው አለፈች። ልጇም አልተረፈም። ከጀልባው ጋር የነበራቸው ርቀት ሰላሳ እርምጃ ነበር።

የጆሃንስበርጉ እድራችን ዋና ሥራው እዚህ የሞተን ሰው ሬሳ አገሩ ማስገባት ነው። አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሲኖር ደግሞ ተሰብስበን እናስተዛዝናለን፣ አዋጥተንም በእጁ እንሰጠዋለን። አቢሶ የሰጠነውን አልተቀበለም። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሽጉጤ ፖስታውን ዘርግተውለት ቆመው እሱ እጆቹን ከጀርባው አድርጎ «ለእኔ አትስጡኝ» አለ። «የጀልባ ማቆሚያ ሥሩልኝ።»

መጀመሪያ ኀዘኑ አእምሮውን የነካው መስሎን ነበር። በኋላ ገባን። ከቴምቢሳም፣ ከዳቬይተንም፣ ከፎርድስበርግም ያልሰጠ የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰጥቷል፤ እኔም ሰጥቻለሁ። በሰባተኛው ወር ፎቶ ተላከልን። የደሴቷ ሰው በሙሉ ማቆሚያው ላይ ወጥቶ ተደርድሯል፤ ከሰው ብዛት የተነሣ ማቆሚያው ራሱ አይታይም። ስቀን አለፍነው። ያን ቀን ማቆሚያውን አስተውዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ጉድ አልሠራም ነበር።

አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ። ሥራው ሊጀመር ሲል የቀበሌ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ዘጠኝ ቤቶች በጣታቸው እንዲፈርሙ። የአቢሶ እናት እማማ የአለምወርቅ ማንበብ አይችሉም፣ ሞኝ ግን አይደሉም። አልፈርምም አሉ። ስምንቱ ፈርመው እሳቸው ብቻ ቀሩ። አቢሶ ያን ቀን እኔ በር ላይ ቆሞ ነው የደወለው። የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እማዬ፣ ፈርሚ። የማቆሚያው ነው። እኔ አለሁ አይደል?»

እኛ ስደተኞች የምንሠራው ስህተት ይሄ ነው። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ወረቀቱን ሳናይ፣ ብር ስለላክን ብቻ የሁሉ ነገር አዋቂ እንሆናለን። እናቶቻችን ደግሞ ከዓይናቸው ይልቅ ስልኩን ያምናሉ። እማማ የአለምወርቅ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ከከተማው እስከ ሐይቁ ዳር አስፋልት አነጠፈ። ደስ አለን። መንገድ የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም መንገድ አልጠላም። ይሄንን ከአሁኑ ልናገር፣ በኋላ ልማት ትጠላለች እንዳትሉኝ።

ያለፈው ዓመት ለአቢሶ ክፉ ነበር። በየሰፈሩ ያሉት ትንንሽ ሱቆች፣ እኛ ስፓዛ የምንላቸው፣ በሙሉ እንዲመዘገቡ ታዘዘ። አቢሶ ለምዝገባ ሦስት ቀን ተሰለፈ። በእጁ ያለው የጥገኝነት ወረቀት ብቻ ነው፤ ያ አይበቃም ተባለ። አንዳንድ ጎረምሶች ሱቁ በር ላይ መጥተው ወደ አገርህ ሂድ እያሉ ጮኹበት። አንዲት ጎጎ ወንበሯን አምጥታ በሩ ላይ ተቀምጣ ከለከለቻቸው። ሱቁ ግን ተዘጋ። አቢሶም ዕቃውን ከባኪው ላይ እያወረደ በየበሩ መሸጥ ጀመረ።

ሠረቀብርሃን የሚባለው ሰውዬ ከአዲስ አበባ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። «ወርቃማ ደሴት ቪላዎች» የሚል ኩባንያ ወኪል ነኝ አለ። ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው ነጭ፣ ንግግሩ ማር። በየሱቁ እየዞረ፣ ወፍራም አንጸባራቂ መጽሔት እያደለ፣ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ያስረዳ ነበር። መቼ እንደምናዳምጥ ያውቃል። ሱቅ ሲዘጋብን፣ ሂዱ ሲሉን፣ የት ልግባ ብለን ስናስብ ነው ከተፍ ያለው።

«እህቴ፣ መሬት ብቻውን ዋጋ የለውም» አለኝ። «ዋጋ ያለው መድረሻው ነው። ይቺ ደሴት ትናንት ምንም ነበረች። ከከተማው ሐይቁ ዳር ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው፣ አርባ ደቂቃ። ማቆሚያ ተሠርቷል። በሚመጣው ዓመት መኪና የሚጭን ትልቅ ጀልባ ይገባል። ከዚያ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ። አንዱ በተሠራ ቁጥር ቦታሽ ይጨምራል። አንቺ ምንም ሳትሠሪ! ይቺን ከተማ እይ እስኪ። ፈጣኑ ባቡር ሳይመጣ ጣቢያው አጠገብ ቤት የገዛ ሰው ዛሬ የት ደረሰ?»

በባቡሩ ነካኝ። ባቡሩ ሲሠራ እዚሁ ነበርኩ። የእግረኛ መንገድ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቼ፣ ጣቢያው ሲቆፈር አቧራውን እየበላሁ ቆሜ አይቻለሁ። ሌላው ገዛ፣ እኔ አየሁ። ሁለት ጊዜ ሱቄ ተዘርፏል። እርጅና እየመጣ ነው፣ በስሜ አንድ ክንድ መሬት የለኝም። ደሴት፣ ሐይቅ፣ ሂዱ የሚል የሌለበት ቦታ። ልቤ ተነሣ።

መጽሔቱን ገልጬ ቦታ መረጥኩ። አስራ አራት ቁጥርን። ለምን እንደመረጥኩት ልንገራችሁ፤ ማቆሚያው አጠገብ ስለሆነና ትልቅ ዛፍ ስላለው ነው። ቀብድ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ማክሰኞ አቢሶ ሲመጣ ደስታዬን የማካፍለው ሰው አገኘሁ ብዬ መጽሔቱን ይዤ ወደ ባኪው ሮጥኩ። እሱም ደሴት ላይ ያደገ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስሙ ሌላ ስለሆነ ግን ያቺው ናት ብዬ አላሰብኩም፤ ቦታውን አይቶ እንዲመርቅልኝ ፈልጌ ነበር።

«እስኪ ሸራውን ተወውና ቤቴን እይልኝ» አልኩት።

እጁን በሱሪው ጠረገና ተቀበለኝ። አየ። ገጹን ወደ ብርሃን አዞረና እንደገና አየ።

«የት ነው ይሄ?»

«ወርቃማ ደሴት።»

«ወርቃማ ደሴት የሚባል የለም» አለ። ከዚያ ጣቱን ዛፉ ላይ አደረገ። «ይሄ ሾላ ነው። አባቴ ታንኳውን የሚያስርበት። ይሄ ማቆሚያ እናንተ የሠራችሁልኝ ነው። ይሄ ደግሞ» አለ፣ ከዛፉ ሥር በነጭ ቀለም ደብዘዝ ተደርጎ አስራ አራት የተጻፈበትን እያሳየኝ፣ «ይሄ ክዳን፣ ከዳቬይተን ብር ልኬ ያስቀየርኩት የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ነው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። በነጩ ቀለም ሥር የቆርቆሮው መስመር ይታያል። ከሥሩ በትንሽ ፊደል «ባዶ ቦታ» ይላል።

«ከፍለሻል?» አለኝ።

«ቀብድ ብቻ» አልኩት። ብቻ! ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ፍሬ፣ እናቴን የት ልታስቀምጫት ነው?»

ውስጤ በኀፍረት ተቃጠለ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። በራሴ ገንዘብ ያሠራሁትን ማቆሚያ መልሰው ለእኔው እንደ ጌጥ ሸጡልኝ። እህቱ ሰላሳ እርምጃ አጥታ የሞተችበት ቦታ በእነሱ መጽሔት ላይ «የውኃ ዳር ፊት ለፊት» ይባላል። አቢሶ መጽሔቱን መለሰልኝና የጭነቱን ገመድ ጫፍ ሳበ። ጭኖ የጨረሰው ስኳር፣ ዱቄት፣ ሳሙና በሙሉ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። የዱቄቱ ከረጢት ፈነዳ። አልለቀመውም፤ ባኪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

እሑድ ከሰዓት ሠረቀብርሃን ፎርድስበርግ ውስጥ የሠርግ አዳራሽ ተከራይቶ ትልቅ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ወደ መቶ ሃያ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ሽጉጤን እንዲመርቁ ከፊት አስቀምጧቸዋል፤ ሽማግሌ ከመረቀው ማን ይጠረጥራል? አቢሶና እኔ ከኋላ ቆመናል። ነጋዴ ሰው አፉን ዘግቶ ማዳመጥ አይችልም፣ ያን ቀን ግን ትንፍሽ የሚል አልነበረም። አስፋልቱ በስክሪን ላይ አለፈ። ማቆሚያው አለፈ። ሰዉ ሲያጨበጭብ አላስቻለኝም፤ የራሳችን እኮ ነው ብዬ ልጮህ ስል አቢሶ ቀደመኝ።

«አስራ አራት ቁጥር ላይ ሰው አለ» አለ።

ሠረቀብርሃን ፈገግ አለ። «ወንድሜ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ላይ ነው።»

«ጥያቄ አይደለም። ሰው አለ። እናቴ ናት። ከአስር እስከ አስራ ስምንት ቁጥር ሁሉም ላይ ሰው አለ፣ ስማቸውን ልቁጠርልህ?»

ሰዉ ዞሮ አየው። ሠረቀብርሃን አልደነገጠም፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመው የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም መሰለኝ። «ነዋሪዎቹ በፈቃዳቸው ለቀዋል። ሰነድ አለን፣ ምንም የምንደብቀው የለም» አለና ወረቀቱን ስክሪኑ ላይ አወጣው። ዘጠኝ የጣት አሻራ። ከላይ «ቦታውን ለልማት ለመልቀቅ የተስማማን» ይላል። የመጨረሻው አሻራ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ብቻውን ነው።

አቢሶ ወደ ፊት ሄደ። «ያ የመጨረሻው የእናቴ ጣት ነው» አለ። «ለጀልባ ማቆሚያ ነው ብዬ ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። ማቆሚያውን ደግሞ የሠራው ይሄ ሰው አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። እህቴ የሞተች ጊዜ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዳንዱ አስታወሰ፤ አንዳንዱ «ኧረ ተው፣ ገበያ አታበላሽ» አለ። አዎ፣ ብለዋል። ማን እንዳለም አውቃለሁ፣ ስማቸውን የማልጽፈው ልጆቻቸው እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ሠረቀብርሃን በማይክሮፎኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካሳ፣ ሕግ፣ ኢንቨስትመንት እያለ ሲቀጥል መብራት ድርግም አለ። በዚህች ከተማ መብራት ሲሄድ ተናድጄ ነው የማውቀው፤ ያን ቀን ብቻ ተመስገን አልኩ። ስክሪኑ ጠፋ፣ ማይክሮፎኑ ዝም አለ። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አቢሶ ስልኩን አውጥቶ ሲደውል ታየን። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

«ሃሎ? አቢሶ? በላህ?» አሉ እናትየው።

«በልቻለሁ። እማዬ፣ የት ነሽ?»

«የት እሄዳለሁ፣ ቤቴ ነኛ።»

«እዚህ ሰዎች አሉ። ያንቺን ቦታ ሊገዙ ነው የተሰበሰቡት።»

«ማቆሚያውን የሠሩልን ሰዎች ናቸው?» አሉ።

አቢሶ አዳራሹን ዞሮ አየ። «አዎ፣ እነሱው ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው በልልኝ። ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ምጥ ይዟት በእግሯ ሄዳ ነው ጀልባው ላይ የወጣች፣ እግሯን ውኃ እንኳ ሳይነካት። ወንድ ወለደች። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ይምጡና ይዩት። መሬት ለምን ይገዛሉ? ሲመጡ እኔ ቤት ያድራሉ። ዓሣ አለ።»

እኔ አለቀስኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ጋሽ ሽጉጤ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አማርኛ ለእሳቸውም እንደ ብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ቃል አያበዙም።

«እኔ እንድመርቅ ነው የተጠራሁት» አሉ። «አልመርቅም። የሚገዛ ይግዛ፣ ገንዘቡ የራሱ ነው። ሰው ያለበትን ቤት የገዛ ግን፣ እዚህ አገር የሞተ ቀን ሬሳውን ኩባንያው ይላክለት። እድሩ አይልክም።»

ሌላ ሰው ቢናገረው ተራ ቁጣ ነበር። እኛ ግን እዚህ ስንኖር የምንፈራው አንድ ነገር ነው፤ በማናውቀው መቃብር ውስጥ መቅረት። ወንበር መንቀሳቀስ ጀመረ። አዳራሹ መብራቱ ሳይመለስ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ። እኔ ወደ ፊት ሄጄ ደረሰኜን ሠረቀብርሃን ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩትና ገንዘቤን አልኩት። ቀብድ አይመለስም አለኝ። እንግዲያው በቀብዴ ምትክ የጀልባ ማቆሚያውን ስጠኝ አልኩት። ያበደች መስዬው ይሆናል።

አሸነፍን ብለን ነበር። የት ይሆናል! ኩባንያው እኛን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ በሌላ ከተማ፣ በሌላ አገር ይሸጣል። በሁለተኛው ሳምንት እማማ የአለምወርቅ ደወሉ። ቀያሾች ሊመጡ ነው፣ ተቃውሞ ያለው ከቀያሾቹ ፊት በአካል ቀርቦ ይናገር ተብሏል። የማያነብ ሰው ደግሞ የሚያነብ የቤተሰቡ ሰው አብሮት መቆም አለበት። የስልክ ተቃውሞ አይሠራም። ለማስፈረም ስልክ ሠርቶ ለመቃወም አልሠራም! እህትየው ሞታለች። የሚያነብ የቀረው አቢሶ ብቻ ነው።

የጥገኝነት ወረቀት ይዞ ከአገሩ የወጣ ሰው ወደ አገሩ ከገባ ወረቀቱ አበቃለት። አቢሶ ወጣ ማለት ተመልሶ አይመጣም። አስራ ስድስት ዓመት በኬንያ በረሃ፣ በማላዊ እስር ቤት፣ በዳቬይተን ብረት በር ኋላ ያገኘው ሁሉ እዚህ ይቀራል። ይሄን ሁሉ በቁጣ ዘረዘርኩለት። ጠበቃ እንቅጠር፣ ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል አልኩት።

«ፈርሚ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ባኪውን ለእድሩ ሰጠ። ዳቬይተን በሩ ላይ ወንበር አምጥታ የተቀመጠችለት ጎጎ ስትሰናበተው አልቅሳ፣ በዙሉ ትሰድብ ነበር አሉ፤ ማንን እንደምትሰድብ እኔ አውቃለሁ። ሂድ እያሉ የጮኹበት ጎረምሶች እንዳሸነፉ መስሏቸው ይሆናል፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው። በእነሱ ጩኸት አልሄደም። አልሄድም ብሎ ሱቁ ተዘግቶበት ከባኪ ላይ የሸጠ ሰው ነው። የሄደው ለእናቱ ነው።

የሆነውን የነገረኝ ደርሶ በማግስቱ ነው። «ፍሬ፣ መንገዱ ሲያምር!» አለኝ መጀመሪያ፣ ተናድዶ። ልጅ ሆኖ በጭነት መኪና ላይ ከንጋት እስከ ቀትር ይጓዝበት የነበረውን በአርባ ደቂቃ ጨረሰው። ሠረቀብርሃን በአንድ ነገር አልዋሸም። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ጀልባው ሊነሣ ነው፤ ዘሎ ገባ። ከአጠገቡ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ እንጨት የያዙ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ቀያሾቹ ናቸው። አንደኛው ሻንጣውንና ጃኬቱን አይቶ ከውጭ እንደመጣ ገባው።

«አንተም ቦታህን ልታይ ነው?»

«አዎ» አለ አቢሶ።

«ስንት ቁጥር ነው?»

«አስራ አራት።»

«ኦ! ምርጡን ነው የወሰድከው። ማቆሚያው አጠገብ ነው፣ ዛፍም አለው።»

ሲደርሱ አቢሶ ቀድሞ ወረደ። በእድራችን ገንዘብ በተሠራው ማቆሚያ ላይ፣ እህቱ ጭቃ ውስጥ ካለፈችበት በላይ ቆሞ፣ የጀልባውን ገመድ ከባለጀልባው ተቀብሎ አሰረው። ሁለቴ አዞረ፣ አንዴ ሰካ፣ ጫፏን አስተረፈ። ባለጀልባው የደሴቷ ሰው ነው፤ የአባቱን አስተሳሰር ሲያይ ልጁን ለየው፣ ግን ዝም አለ።

ቀያሾቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። አቢሶ ከእናቱ ጋር ሆኖ ከቤት ቤት ተከተላቸው፤ ይሄ ቤት ነው፣ ሰው አለበት፣ ጻፉ እያለ። እኛ የምንለካው መሬት ነው፣ ሰው አንለካም አሉት። ጊዜያቸው ሲያልቅ እንጨታቸውን ሰብስበው ወደ ጀልባው ሄዱ። ገመዱን ሊፈቱ ሞከሩ። አንዱ ሞከረ፣ ሌላው ሞከረ፣ ሦስቱም ተጋገዙ። በቢላ ሊቆርጡት ሲሉ ባለጀልባው ገመዴን የነካ በዋና ይሄዳል አላቸው። ሰማዩ ሊዘንብ ከብዷል። መጨረሻ ላይ ሦስቱም ጫማቸውን እያጨቀዩ ወደ አስራ አራት ቁጥር መጡ። እማማ የአለምወርቅ በር ላይ ቆመው ነበር።

«እባክዎ እናት፣ ልጅዎ ገመዱን ይፍታልን» አሉ።

«ባዶ ቦታ ላይ ከማን ጋር ነው የምታወሩት?» አላቸው አቢሶ።

ጻፉ። ዘጠኙም ቤቶች ላይ ሰው እንዳለ፣ ስማቸውንና የቤተሰባቸውን ቁጥር፣ ተቃውሟቸውንም ጭምር ጻፉ። አቢሶ እያንዳንዷን መስመር ለእናቱና ለጎረቤቶቹ ጮክ ብሎ አነበበ፤ በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ሰምተው ነው የፈረሙት። ከዚያ ወርዶ ጫፏን ሳበ፣ ጀልባው ተፈታ።

ነገሩ አላለቀም። ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲሱ መጽሔት እኔ ሱቅ ድረስ መጣልኝ፤ ቁጥሩ ከዘጠኝ ቀጥሎ አስራ ዘጠኝ ይላል። የዘጠኙን ቤት ሰዎች ከሽያጭ አውጥተዋቸዋል። ማቆሚያው ግን አሁንም ሥዕሉ ላይ አለ። «ኩባንያችን ያለማው» ይላል ከሥሩ። አያፍሩም! በእስክርቢቶ ሰርዤ የፀገነትን ስም ጻፍኩበትና ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ብርድ ልብስ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ማን ናት ይለኛል፣ እነግረዋለሁ።

አቢሶ አሁን በአባቱ ሥራ ላይ ነው፣ ጀልባ ይዟል። ቦታ ገዝተናል የሚሉ ሰዎች ከየአገሩ ሊያዩ እየመጡ ነው፤ የሚያሻግራቸው እሱ ነው። ይሄን ስሰማ ጮኽኩበት።

«እንዴት ታሻግራቸዋለህ? ገንዘባቸውን ትቀበላለህ?»

«ገንዘብ አልቀበልም» አለኝ። «በነፃ ነው የማሻግራቸው። እናቴ ቤት ገብተው ዓሣ ይበላሉ፣ እሷም ማን የት እንደሚኖር ቤት ለቤት ይዛቸው ትዞራለች። እስክትጨርስ ይጠብቃሉ።»

«ቸኩለናል ቢሉስ?»

«ይበሉ» አለ። «ገመዱን የምፈታው እኔ ነኝ።»